የቀን መቁጠሪያ ሥልጣን፦ የአፍሪካ ዋና ኮንፌዴሬሽንና ኦሊምፒክ



አህጉራዊ የስፖርት ኮንፌዴሬሽን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጉባኤ፣ ምርጫና ሜዳልያ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ብዙም የማይነገርለትን ሥልጣን ነው፤ ይኸውም ውድድሩ መቼ እንደሚካሄድ የመወሰን ሥልጣን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምኅጻረ ቃል «ካና» ይባል የነበረው የአፍሪካ ዋና ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1970 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮና በ1974 ካይሮ ላይ ተካሄደ። የአውሮፓው አቻው በ1926 ቡዳፔስት ላይ የተቋቋመ በመሆኑ 44 ዓመት ይበልጠዋል። ዕድሜው ግን ዋናው ነገር አይደለም።

በዋና ስፖርት ዳኛው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱም ከገንዳው ርዝመት ተነጥሎ አይታይም። በ25 ሜትር ገንዳ የሚወዳደር ሰው በየመታጠፊያው ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ይስፈነጠራል፤ መታጠፊያው በበዛ ቁጥር ሰዓቱ ያጥራል። ስለዚህ ለኦሊምፒክ ማጣሪያ የሚያገለግለው በ50 ሜትር ገንዳ፣ ዕውቅና ባለው ውድድር የተመዘገበ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ገንዳ በአገሩ እንደ ልብ ለማያገኝ ዋናተኛ የአህጉሩ ሻምፒዮና ትልቅ በር ነው። ሌላ በር የለም ማለቴ ግን አይደለም።

እንግዲህ ቀኖቹን እንያቸው። በ2008 የአፍሪካ ሻምፒዮና ጆሃንስበርግ ላይ የተካሄደው በዲሴምበር፣ በ2012 ናይሮቢ ላይ በሴፕቴምበር፣ በ2016 ብሉምፎንቴን ላይ በኦክቶበር ነበር። ሦስቱም ኦሊምፒኩ ካለቀ በኋላ ነው! አውሮፓውያን በእነዚያው ዓመታት አይንድሆቨን፣ ደብረጼን እና ለንደን ላይ የተገናኙት ከኦሊምፒኩ በፊት ነው።

በሪዮ የእኛው ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ዋና 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ አስመዝግቦ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሆነ። የተወዳደረው የማጣሪያ ሰዓት ያሟላ ዋናተኛ ለሌላቸው አገሮች በሚሰጠው ዕድል ነው። በሰውነቱ ቅርጽ ብዙ ተሳቀበት፤ ሳቁ አሁንም ያሳፍረኛል። ብሉምፎንቴን ቢቀድም ኖሮ ያሸንፍ ነበር አልልም። ነገር ግን በዚያ ዓመት አንድ አፍሪካዊ ዋናተኛ ከአህጉሩ እኩዮቹ ጋር ከመለካቱ በፊት ከዓለም ጋር እንዲለካ ያደረገው የቀን ምርጫ ነው።

በ2024 ሻምፒዮናው ሉዋንዳ ላይ የተካሄደው ከፓሪስ ኦሊምፒክ በፊት ነው። የ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሲቃረብ እኔ አስቀድሜ የምፈልገው የአፍሪካ ሻምፒዮና የሚካሄድበትን ወር ነው።