ማንን እናምጣ? የነቀምቴ የአሰልጣኝ ፍለጋ

ሐምሌ ሲገባ የከተማ ክለቦች ወሬ አንድ ዓይነት ይሆናል። ውሉ ያለቀው አሰልጣኝ «በስምምነት ተለያየ» ይባላል። ሦስት አራት ስም ከቦርድ ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ቦርድ ይመላለሳል፤ ነሐሴ ሳያልቅ ከስሞቹ አንዱ መለያ ይዞ ፎቶ ይነሣል። ነቀምቴም ከዚህ ወግ አታመልጥም። ለዓመታት በከፍተኛ ሊግ የቆየው ነቀምቴ ከተማ እስከ 2017 የውድድር ዘመን ድረስ ፕሪሚየር ሊጉን አልረገጠም። ስለዚህ ከጊምቢ እስከ ሻምቡ፣ በቡሬው መንገድ ላይ እስካለችው ኡኬ ድረስ፣ ኳስ የሚወድ የወለጋ ሰው ስለ አዲስ አሰልጣኝ ሲሰማ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄኛውስ ያወጣናል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚቀድመው ግን ሌላ አለ። ሰውየው የሚቀጠረው ለስንት ጊዜ ነው? በማን ገንዘብ? ምን እንዲሠራ? እነዚህ ሳይመለሱ የሚገኝ አሰልጣኝ፣ ጎበዝ ቢሆን እንኳ፣ ለክለቡ የሚያተርፈው ትንሽ ነው። ይህን የምለው የጅማን ታሪክ ይዤ ነው።

ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በመጀመሪያው ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ጨርሰው የለያቸው የግብ ልዩነት ነው። አዲስ አዳጊ ክለብ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? የአሰልጣኝ ፍለጋ የተሳካበት ጊዜ ካለ ይሄ ነው። ዋንጫው በተነሣ ማግስት ግን ገብረመድኅን ወደ መቐለ ሄደ፤ በ2011 ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሌላ ዋንጫ አነሣ። ጅማ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ሲጫወት ለዚያ ያበቃው ሰው አጠገቡ አልነበረም። በ2014 ደግሞ ክለቡ ወደመጣበት ከፍተኛ ሊግ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

ያው ሰው በሌላ ቤት ሌላ ታሪክ ሠርቷል። ኢትዮጵያ መድን በ2014 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ ገብረመድኅንን ቀጥሮም አቆየው። አሰልጣኙ መሐል ላይ ብሔራዊ ቡድኑን ደርቦ ያዘ፤ መድን ግን አልለቀቀውም። በ2017 ሻምፒዮን ሆኑ። ለአሰልጣኙ ከሦስተኛ ክለብ ጋር ያገኘው ሦስተኛ ዋንጫ መሆኑ ነው። በጅማና በመድን መካከል የአሰልጣኙ ችሎታ አልተለወጠም። የተለወጠው ቀጣሪው ነው።

ይህ አጋጣሚ እንዳይመስል ሌሎቹንም እንይ። በ2015 ሦስት ክለቦች ከከፍተኛ ሊግ አደጉ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ። በቀጣዩ ዓመት ንግድ ባንክ በበፀሎት ልዑልሰገድ እየተመራ ሻምፒዮን ሲሆን ሁለቱ ወረዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከመድን ጋር ያደገው ለገጣፎ ለገዳዲም በዓመቱ ተመልሷል። ባንክና ኢንሹራንስ ጸኑ፤ የከተማና የአካባቢ ክለቦቹ አልቻሉም።

«ገንዘብ ስላላቸው ነው» ማለት ይቀላል፤ ሐሰትም አይደለም። ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ጠባዩ የሚወስን ይመስለኛል። የከተማ ክለብ የሚተዳደረው በዋናነት የከተማ አስተዳደሩ በሚመድበው በጀት ነው። በጀቱ ዓመታዊ ነው፤ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፤ ከውኃ መስመር፣ ከመንገድ ጥገናና ከደመወዝ ጋር ይሻማል። ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ የከተማው ኃላፊዎች ናቸው፤ ኃላፊ ደግሞ ይዛወራል፣ ይነሣል። እንዲህ ያለ ቀጣሪ የሦስት ዓመት ቃል ለመግባት ይቸግረዋል። ስለዚህ የሚቀርበው ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፤ ቢረዝምም ከወረቀት አያልፍም።

አሁን በአሰልጣኙ ቦታ ሆነን እናስብ። በአንድ ዓመት ውስጥ ውጤት ካላመጣ እንደሚሰናበት ያውቃል። የአሥራ ሰባት ዓመቱን የኡኬ ልጅ ወስዶ ለማብሰል ሁለት ዓመት ይፈልጋል፤ ሁለት ዓመት ግን የለውም። ስለዚህ ስልኩን አንሥቶ የሚያውቃቸውን፣ ሌላ ክለብ ያበሰላቸውን ተጫዋቾች ይጠራል። እነሱም የሚፈርሙት ለአንድ ዓመት ነው። ደላላው ድርሻውን ይወስዳል። ቡድኑ ጥሩ ከሄደ ተጫዋቾቹ ዋጋቸው ጨምሮ ይሄዳሉ፤ መጥፎ ከሄደም ይሄዳሉ። ሰኔ ላይ መለያውና ኳሱ ብቻ ይቀራል፤ ሐምሌ ላይ ቦርዱ «ማንን እናምጣ?» ብሎ እንደገና ይሰበሰባል። በ2011 ክረምት ቢሾፍቱ ላይ የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተወስኖ ነበር። ጣሪያው የዋጋውን ንረት ለመግታት ታስቦ ይሆናል፤ በየዓመቱ ቡድን አፍርሶ ቡድን የመግዛቱን ልማድ ግን አልነካውም።

የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ራሱ በብሔራዊ ቡድኑ ከዚህ የተሻለ አላሳየም። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅቶን በ2006 ተሰናበተ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣና በዓመቱ ሄደ፤ ከዚያ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ። በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰን ውበቱ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ማጣሪያው ግን የተጀመረው በአብርሃም ጊዜ ነበር፤ ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈው የእሱ ቡድን ነው። ውበቱ ከተረከበው ላይ ቀጠለ፤ ሰኔ 2014 ደግሞ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ረታ። አሰልጣኝ ተቀይሮ ሥራው ያልተቋረጠበት ብርቅ አጋጣሚ ነበር። ምክንያቱም ተጫዋቾቹ በአብዛኛው እነዚያው ነበሩ። የከተማ ክለብ ይህ ዕድል የለውም፤ አሰልጣኙ ሲሄድ ቡድኑም አብሮ ይሄዳል።

ነቀምቴን የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ፤ እሱም ሜዳው ነው። ድሮ በደርሶ መልስ ሲጫወቱ ርቀቱ ራሱ አጋዥ ነበር። ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ እንግዳ ቡድን ወለጋ ስታዲየም ሲደርስ እግሩ የዛለ፣ ጆሮው በደጋፊ ጩኸት የተሞላ ይሆን ነበር። ከ2013 ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ፣ ከዲኤስቲቪ ጋር ከተፈረመው የአምስት ዓመትና የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ሥርጭት ስምምነት ጋር፣ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ። ከፍተኛ ሊጉም ቡድኖችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ለመደ። በወለጋ ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ሲጨመርበት፣ የነቀምቴ ሰው ቡድኑን በዓይኑ ለማየት የሚያገኘው ዕድል ጠበበ።

ይህ የአሰልጣኙን ሥራ በቀጥታ ይለውጠዋል። ሳምንታት በሆቴል ይቀመጣል፤ በየጥቂት ቀናት ይጫወታል። ሃያ ምናምን ወጣት ከቤቱ ርቆ ሲከርም የሚመጣውን ኩርፊያ፣ ጉዳትና የደመወዝ መዘግየት የሚሸከመው እሱ ነው። ጨዋታ አንባቢ መሆን አይበቃውም፤ ሰው ማሰንበት አለበት። የቦርዱ አባላት ደግሞ ጨዋታውን ስለማያዩ የሚደርሳቸው ውጤቱ ብቻ ነው። ቡድኑ በመጨረሻው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ይሸነፍ፣ ወይ ሙሉ ጨዋታውን ተበልጦ ይሸነፍ፣ በስልክ ሲሰማ ልዩነት የለውም። አሰልጣኝ በአንደኛው ዙር ማብቂያ የሚባረረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። ቦርዱ ቢያንስ አንድ ኳስ የሚያውቅ ሰው ከቡድኑ ጋር አስቀምጦ ስለ አጨዋወቱ በጽሑፍ እንዲዘግብ ቢያደርግ፣ ከሚያወጣው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው።

ስለ ፈቃድ ወረቀቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የካፍ ፈቃድ ከዲ እስከ ኤ፣ ከዚያም ፕሮ ይደርሳል፤ በካፍ የክለቦች ውድድር ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ኤ ግድ ነው። ወረቀቱ በሩን ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን አይናገርም።

ይልቅ ረዘም ብሎ ሊታሰብበት የሚገባው ምክትሉ ነው። በክረምቱ ግርግር ማንም ስለ እሱ አያወራም፤ ብዙ ጊዜ ዋናው አሰልጣኝ ይዞት ይመጣል፣ ይዞት ይሄዳል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአንድ የውጭ አገር አሰልጣኝ ወደ ሌላው ሲሻገር ከርሞ የ2014 እና የ2015 ዋንጫዎችን ያገኘው ከውስጡ ባሳደገው በዘሪሁን ሸንገታ ነው። ዘሪሁን ቤቱን፣ ተጫዋቾቹንና ደጋፊውን ያውቅ ነበር፤ ለመላመድ ያባከነው ጊዜ የለም። ነቀምቴም ምክትሉን ራሱ ሊመርጥና ሊቀጥር ይገባል። ወለጋን የሚያውቅ፣ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ የሚመጣውን ልጅ በአፋን ኦሮሞ የሚመክር፣ ከሌላ ክልል የመጣውንም በአማርኛ የሚያግባባ፣ የፈቃድ ኮርሱን ክለቡ የሚከፍልለት ሰው። ዋናው ቢሄድ እንኳ የማን ጉልበት ታምሞ እንደነበረ፣ የትኛው ተስፈኛ ከርሞ እንደሚደርስ የሚያውቅ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም ከበጀት ዓመቱ የሚሻገር መሆን አለበት። የነቀምቴ ስም ለቡና ገበያ እንግዳ አይደለም፤ የወለጋ ቡና ወደ ውጭ የሚላከው ከተማዋን በሚያስጠራ ስም ነው። ኢትዮጵያ ቡና ስሙንም መነሻውንም ያገኘው ከቡናው ዘርፍ ነው፤ በ2003 በውበቱ አባተ ሥር ሊጉን ሲያሸንፍም ያው ስም ደረቱ ላይ ነበር። የወለጋ ላኪና ነጋዴ ለተጫዋች ግዢ እንዲያዋጣ ሲለመን ኖሯል። ለዋናውና ለምክትል አሰልጣኙ የሦስት ዓመት ደመወዝ፣ በተለየ ሂሳብ ተቀምጦ፣ ከንቲባ ቢቀየርም የማይነካ ሆኖ እንዲያዋጣ ቢጠየቅ መጠኑ አነስተኛ፣ ጥቅሙ ረጅም ይሆናል። ዋናው አሰልጣኝም በዚህ ውል ሲገባ ግዴታው ይጻፍ፦ በየዓመቱ ከወለጋ ከተሞች ስንት ተጫዋች ወደ ዋናው ቡድን እንደሚያሳድግ፣ በመጀመሪያው ዓመት ምን ውጤት እንደሚጠበቅበት፣ በስንተኛው ዓመት ለማደግ እንደሚሞክር። በመጀመሪያው ዓመት ማደግን የሚጠይቅ ውል ጅማን ወይም ሻሸመኔን ለመድገም የተጻፈ ነው።

የወለጋ ደጋፊ ሆይ፣ ሐምሌ ላይ አዲስ ስም ሲነገርህ ስለ ሰውየው ዝና ከመከራከርህ በፊት ቦርዱን ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ለስንት ዓመት ፈረመ? ደመወዙ ከየት ይከፈላል? ምክትሉስ ማን ነው?