ተጨማሪ መረጃ፦ የእርሻ ድጎማው ለማን ይደርሳል?

የአውሮፓ ኅብረት ከበጀቱ ሲሶ ያህሉን ለግብርና ያውላል። ከቀጥታ ድጎማው 80 በመቶ ገደማው ግን የሚገባው 20 በመቶ በሚሆኑት ተቀባዮች እጅ ነው። ምክንያቱ ስሌቱ ነው፤ ገንዘቡ በዋናነት የሚታሰበው በሄክታር በመሆኑ፣ በአንድ ዓይነት ተመን 500 ሄክታር የያዘ ሰው የባለ 5 ሄክታሩን ገበሬ መቶ እጥፍ ይቀበላል። መሬቱ የኪራይ ሲሆን ደግሞ ባለመሬቱ ኪራዩን ከፍ አድርጎ ድጎማውን ሊቋደስ ይችላል።

«ብዙ ያመረተ ብዙ ቢያገኝ ምን ክፋት አለው?» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ሚዛን የሚደፋው ክፍያው በምርት ቢለካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2003ቱ የኅብረቱ የግብርና ፖሊሲ ማሻሻያ ወዲህ ግን አብዛኛው ክፍያ ከምርት መጠን ተነጥሏል። ትልቅ እርሻ ወጪው ትልቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም የገበሬን ኑሮ ለመደገፍ የተመደበን ገንዘብ በመሬት ስፋት መስፈር ፍትሐዊ አይደለም። ከ2023 ጀምሮ አባል አገራት በመርህ ደረጃ ከቀጥታ ክፍያው ቢያንስ 10 በመቶውን ለአነስተኛና መካከለኛ እርሻዎች እንዲያዛውሩ ተደንግጓል።