ተጨማሪ መረጃ፦ ሰርቨሩ ተነሥቷል፤ ግንኙነቱስ?

የዳታቤዝ ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሣ አፕሊኬሽኑ አስቀድሞ ከፍቷቸው የነበሩ ግንኙነቶች ሁሉ ዋጋ ያጣሉ። አስቸጋሪው ነገር አፕሊኬሽኑ ይህን ወዲያው ላያውቅ መቻሉ ነው፤ መብራት ድንገት ከጠፋ ሰርቨሩ ተሰናብቶ አይሄድም። በሊኑክስ ላይ ቲሲፒ ሥራ ፈትቶ የቆየን ግንኙነት መፈተሽ የሚጀምረው፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ከ7,200 ሰከንድ (2 ሰዓት) በኋላ ነው፤ ያውም ፕሮግራሙ ፍተሻውን ከጠየቀ! ስለዚህ ግንኙነቱን ከመጠቀም በፊት እንደ «ሰሌክት 1» ባለ ቀላል ትእዛዝ መሞከር፣ የሞተውን ጥሎ አዲስ መክፈት ይበጃል።

ሰርቨሩ ገና ካልተነሣስ? ሁሉም አፕሊኬሽኖች በየሰከንዱ ቢያንኳኩ፣ ገና በመነሣት ላይ ያለውን ሰርቨር መልሰው ሊጥሉት ይችላሉ። የሙከራው ክፍተት 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያለ ይጨምር፤ ጥቂት የዘፈቀደ ልዩነትም ይታከልበት፤ አለዚያ አብረው ጠብቀው አብረው ይመጣሉ።