ከዕረፍት በኋላ ወደ ሙያቸው ስለ ተመለሱ ሁለት ሴቶች

ሴት ካገባች ወይም ከወለደች በኋላ የቀድሞ ሙያዋ እንዳበቃ አድርጎ መቍጠር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይህ አሳብ እውነት መሆኑን ለመመርመር የሁለት ሴቶችን ታሪክ፥ ይኸውም የአገራችንን ሯጭ የወይዘሮ ደራርቱ ቱሉንና የጃፓኗን የቴኒስ ተጫዋች የወይዘሮ ኪሚኮ ዳቴን፥ ጎን ለጎን አድርገን እንመልከት።

ወይዘሮ ደራርቱ በ1964 ዓ.ም. በአርሲ በበቆጂ ተወለዱ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳይ ባገኙ ጊዜ፥ ከጥቍር አፍሪካውያን ሴቶች ይህን ክብር በማግኘት የመጀመሪያዪቱ ሆኑ፤ ዕድሜያቸውም 20 ዓመት ነበረ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ 4ኛ ወጡ፤ ከዚያም በኋላ ልጅ ወልደው ለጥቂት ጊዜ ከሩጫ ራቁ። ነገር ግን በመስከረም 1993 ዓ.ም. የልጅ እናት ሆነው በሲድኒ ያንኑ 10,000 ሜትር በ30 ደቂቃ ከ17 ሰኮንድ ፈጽመው ወርቁን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰዱ። በባርሴሎና የሮጡት በ31 ደቂቃ ከ6 ሰኮንድ ስለ ነበረ፥ ከወሊድ በኋላ ፍጥነታቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በአቴና የነሐስ ሜዳይ ተቀበሉ።

ወይዘሮ ኪሚኮም በ1963 ዓ.ም. መስከረም ወር በኪዮቶ ተወልደው፥ በ1988 ዓ.ም. ከዓለም ሴቶች የቴኒስ ተጫዋቾች 4ኛውን ደረጃ ይዘው ነበር። በ1989 ዓ.ም. ገና በ26 ዓመታቸው ጨዋታውን ተዉ፤ ኋላም ትዳር ያዙ። ከ11 ዓመት በላይ ካረፉ በኋላ ግን በ2000 ዓ.ም. በ37 ዓመታቸው ተመለሱ።

የሚያስደንቀው ነገር የሁለቱ ድል በአንድ ወራት መገጣጠሙ ነው። ወይዘሮ ኪሚኮ መስከረም 17 ቀን 2002 ዓ.ም.፥ 39 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ቀን ሲቀር፥ በደቡብ ኮሪያ በሴኡል ዋንጫ አገኙ። ወይዘሮ ደራርቱም በ35ኛው ቀን፥ ጥቅምት 22፥ በ37 ዓመታቸው የኒው ዮርክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰኮንድ አሸነፉ። ወይዘሮ ኪሚኮ ጨዋታውን ፈጽመው የተሰናበቱት በ2010 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን ቤቶች እንመለስ። ከዲላ በስተ ደቡብ ባለችው በወናጎ አንዲት እናት ከአራስ ቤት ስትወጣ ወደ እንሰት ፍቂያውና ወደ ቡና ለቀማው ትመለሳለች፤ ጕልበቷ አለቀ የሚል ሰው የለም። ትምህርቷን ወይም የጽሕፈት ቤት ሥራዋን ልቀጥል ስትል ግን «አሁንማ ወልደሻል» ትባላለች። ለእርሻ የተመለሰ ጕልበት ለመጽሐፍና ለሙያ የማይመለስበት ምክንያት ምንድር ነው?

ስለዚህ ልጁ ወይም ባለቤቱ ከሙያዋ ያረፈችበት ሰው፥ አበቃላት ብሎ ከመፍረድ አስቀድሞ፥ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰውና ለሥራዋ የሚሆን ሰዓት ያዘጋጅላት። መመለሱን ከዚያ በኋላ እርሷ ታውቅበታለች።