ተጨማሪ መረጃ፦ ፓተንት እንዴት ይጠየቃል?

በኢትዮጵያ ፓተንት የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ሲሆን፣ ማመልከቻውን የሚቀበለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ፈጠራው አዲስ፣ ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይገመትና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት።

ማመልከቻው ዝርዝር መግለጫና እንደ አስፈላጊነቱ ሥዕል ይይዛል። ፈጣሪዎች ብዙውን ጊዜ ችላ የሚሉት ግን ዋናውን ክፍል፣ የመብት ወሰን የሚገለጽበትን ነው። የምጣድ ክዳን አሻሽላችኋል እንበል። «የተሻለ ክዳን» ብሎ መጻፍ ምንም አያስጠብቅም፤ «ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ የእንፋሎቱን ጠብታ በጎን ቦይ የሚያስወጣ ክዳን» ሲባል ግን ጥበቃው የት ድረስ እንደሆነ ይታወቃል።

ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት አለ።

ጥበቃው ከተሰጠበት አገር ድንበር አያልፍም። የተሰጠ ፓተንትም ሊሰረዝ ይችላል፦ በኔዘርላንድስ የጤፍ ዱቄትን የሚመለከተው ፓተንት ፈጠራዊነት ይጎድለዋል ተብሎ በ2018 እ.ኤ.አ. በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል።

የፈጠራው አዲስነት ጥያቄ ውስጥ እንዳይገባ ሥራችሁን በኤግዚቢሽን ከማሳየታችሁ በፊት ማመልከቻውን አስገቡ።