ሁለቱንም የምትፈልግ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት አንድ ደብተር ሙሉ ልቦለድ ይዛ መጣች። «ጓደኞቼ አሥረኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ያዛጋሉ፤ ምን አጥፍቼ ነው?»

አነበብነው። አማርኛዋ ጥሩ ነው። ታሪኩ ግን... ቆንጆ ልጅ አለች፤ የምትወደው ልጅ አለ፤ ክፉ እንጀራ እናት አለች። እንጀራ እናቲቱ ትከለክላለች፣ ልጅቱ ታለቅሳለች። እስከ መጨረሻው ታለቅሳለች! የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ፣ እንቅፋቱም ሁሉ ከውጭ። አንድም ቀን «ምረጪ» አልተባለች።

እስቲ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስታውሱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ዛሬም የሚነበበው ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ስለሆኑ ነው እንዴ? ክፉ አባትማ በየሰፈሩ ሞልቷል! ይልቅ በዛብህን ያስቡት። እናቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ሚስት ሳያገባ እንዲያገለግል። ስለቱን ያፈርሳል እንዳንል የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ ይጠብቃል እንዳንል ሰብለ ወንጌልን አይቷታል። እሷም ብትሆን ከአባቷ ቤት ስትወጣ የምንጨነቅላት ትታው የምትሄደው ነገር ስላላት ነው። (ፊታውራሪው ደግ አባት ቢሆኑ ኖሮ የባሰ ይጨንቀን ነበር። የእኛ ሐሳብ ነው እንግዲህ።)

ይህን ስንነግራት ልጅቱ ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ «እንጀራ እናት እኮ የለችኝም፤ ፈጥሬ ነው» አለች። ያሉት የወለዷት እናቷ ናቸው፤ ጉሊት ቸርችረው ያሳደጓት፣ አሁን ወገባቸውን የሚታመሙ። ዱባይ ያለች አክስቷ ቪዛ ልካላታለች። ልጁ ደግሞ «ከሄድሽ አልጠብቅሽም» ብሏታል።

«ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ይሄን ከጻፍኩማ መጨረሻውን መወሰን አለብኝ።»

እንግዲህ የመከርናት ይህንን ነው። እንጀራ እናቲቱን አስወጪያት፤ እናትሽን አስገቢያቸው። «ሂጂ»ም «ቅሪ»ም አይበሉ፤ ወገባቸውን ይዘው ዝም ይበሉ። ልጁን ክፉ አታድርጊው፤ እሱም እውነት አለው። ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ንገሪን፤ ቀን ካልተቆረጠ ማን ይመርጣል? ስትመርጥም የተወችው ነገር ይቆጫት፤ ደራሲዋ ለማባበል አትቸኩል።

ስለ እውነተኛው ቪዛ ግን አፋችንን አልከፈትንም። ሁለቱንም መጨረሻ ጽፈሽ አምጪ፣ የትኛው ላይ እጅሽ እንደሚከብድ እናያለን አልናት።

ደብተሯን ይዛ ወጣች። ቪዛው ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።