የዕለት እንጀራና የነገ ጭንቀት

የሰው ልብ ከዛሬው ድካም ይልቅ ገና ባልመጣው የነገ ነገር ሲታወክ ይኖራል፤ የቤት ኪራይ፥ የልጅ ትምህርት፥ የወላጅ ሕመም ሌሊቱን ዕንቅልፍ ይነሡታል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ጭንቀት ያስተማረው፥ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አቡነ ዘበሰማያትን ካስተማረ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በዚያ ጸሎት የምንለምነው የዕለቱን እንጀራ እንጂ የዓመቱን ጎተራ አይደለምና፥ እምነት የሚጀምረው ለዛሬ የሚበቃውን ከአምላክ እጅ በመቀበል ነው።

ይህም ሲባል ሥራን መተው አይደለም። ገበሬው ዘሩን ይዘራል፥ ዝናሙን ግን ለፈጣሪው ይተዋል፤ እኛን አብዝቶ የሚያስጨንቀን ይህ ለእኛ ያልተሰጠው ክፍል ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የፊልጵስዩስን ምእመናን በጭንቀት ፈንታ ጸሎትን ከምስጋና ጋር እንዲያቀርቡ የመከራቸው በእስራት ሳለ ነበርና፥ ምክሩ ከምቾት የመነጨ አይደለም።

አበው ይህን በማስተዋል ዕለቱን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት በ7 የጸሎት ጊዜያት ከፈሉት፤ 150ው መዝሙረ ዳዊት «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች፥ ውዳሴ ማርያምም በ7ቱ ዕለታት ተመደበ። ይህን ሥርዓት እጅግ እወድደዋለሁ፤ የተጨነቀ ሰው በራሱ ቃል ለመጸለይ አንደበቱ ሲተሳሰርበት የዕለቱ ንባብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ዳዊትም ፍርሃቱንና ልቅሶውን ሳይሸሽግ ስለሚናገር፥ አንባቢው የገዛ ሐዘኑን በእርሱ አፍ ለእግዚአብሔር ያስረዳል። ጭንቀት የጸናበት ሰው ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ፥ ሐኪምንም አያቃልል፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛልና።